ኮለሙ እያለ «የለም» ሲልህ

ጥያቄው የመጣው ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ጠያቂያችን የአንድ አስመጪ ድርጅት የሠራተኞች ዳታቤዝ በኃላፊነት ይይዛል። ዳታቤዙ የሚሠራው ፖስትግሬስ በሚባል ፕሮግራም ነው። የደመወዝ ቴብሉን ከሠራተኞች ቴብል ጋር በፎሪን ኪይ (አንዱ ቴብል ላይ ያለ መለያ ሌላው ላይም መኖሩን በሚያስገድድ ማሰሪያ) ለማሰር ሲሞክር «የተጠቀሰው ኮለም (ዓምድ) የለም» ይለዋል። «ሁሉንም አምጣ ስለው ኮለሙን ያመጣዋል፤ በስሙ ስጠራው ግን ይክደኛል። ስሞቹ በአማርኛ ናቸው፣ ከኤክሴል ነው ያስገባናቸው» ብሏል። የስክሪኑን ፎቶም ልኳል።

ወንድሜ፣ ኤክሴል ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። ኮለሙ የተጻፈበት ፊደልና አንተ የምትተይበው ፊደል አይገናኙም ብዬ እጠረጥራለሁ። ፎቶው ላይ «የሠራተኛ_መለያ» በንጉሡ ሠ ነው። ትእዛዝህ ውስጥ ደግሞ «የሰራተኛ_መለያ» ብለህ በእሳቱ ሰ ጽፈሃል።

ይህቺን ነገር ረጋ ብለን እንያት፤ ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቀምጠው እሷ ነች። ስናነባቸው ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፣ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የሠ ቁጥር 4640 ነው፣ የሰ 4656። ልክ ስማቸው አንድ ሆኖ የመታወቂያ ቁጥራቸው እንደሚለያይ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፖስትግሬስ እነዚህን «ያው ናቸው» ብሎ አያቀራርብም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀም እንደዚያው ናቸው። አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም ላይ ያው ጣጣ አለ። ኤክሴሉን የሞላችው ልጅ «ዓመት» ብላ ከጻፈች አንተ «አመት» ብለህ ስትጠራው ለዳታቤዙ ሌላ ስም ነው። ፈልጎ ያጣዋል፣ «የለም» ይልሃል። እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ስፔስ ነው። የኤክሴል ርእስ መጨረሻ ላይ የቀረች ባዶ ቦታ ከነስሙ ትገባለች፣ በዐይን አትታይም። መለካት ነው። ዳታቤዙ ስለራሱ ቴብሎች መረጃ ከሚይዝበት ከኢንፎርሜሽን ስኪማ የኮለሞቹን ዝርዝር አውጣና የእያንዳንዱን ስም ርዝመት በባይት በሚቆጥረው በኦክቴት_ሌንግዝ እይ። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የታች ሰረዝ 1፣ ስፔስም 1። «የሠራተኛ_መለያ» 8 ፊደልና አንድ ሰረዝ ስለሆነ 25 መምጣት አለበት። 26 ካመጣ ስፔስ ተደብቋል። ፊደሉን ለማጣራት ደግሞ ሁለተኛውን ፊደል ቆርጠህ ለአስኪ ፈንክሽን ስጠው፤ ቁጥሩን ይነግርሃል።

እነዚህ ኤክሴል ወደ ዳታቤዝ እንቀይራለን የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞች ያናድዱኛል። ርእሱን ሳያጸዱ እንዳለ በድርብ ጥቅስ ከተው ያስገቡታል። ቆሻሻውን የሚጠርገው ሌላ ሰው ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ግን መጀመሪያ ባክአፕ። የፖስትግሬስ ባክአፕ ማውጫ በሆነው በፒጂ_ደምፕ አውጣ፣ ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሰህ ጫነውና እንደሚከፈት አረጋግጥ። ከመርካቶ በርካሽ የተገዛ ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጠው፤ ከነደመወዙ ይበላሃል። ከዚያ ቢጊን ብለህ ጀምር፣ በሪኔም ኮለም ስሙን ቀይር፣ ኮንስትሬይንቱን (ፎሪን ኪዩን) ጨምር፣ አይተህ ኮሚት (አጽድቅ) በል። ካላማረህ ሮልባክ (ወደ ነበረበት መልስ)። ይህ የሚሠራው ፖስትግሬስ ላይ ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ኦልተር ቴብል (ቴብሉን ቀይር) ካልክ ወዲያው ይጸድቃል፣ በሮልባክ አይመለስም። ሥራውን ከሥራ ሰዓት ውጪ አድርገው፤ ስሙን ከቀየርክ ጀምሮ ኮሚት እስክትል ድረስ ቴብሉ ላይ መጻፍም ማንበብም ይቆማል።

አሮጌውን ስም ስትጠራ ስፔስ ካለው እሱንም ጨምረህ በድርብ ጥቅስ ክተተው። ጥቅሱን ከዎርድ ኮፒ አታድርግ፣ ዎርድ ወደ ጠመዝማዛ ይቀይረዋል። አዲሱን ስም በላቲን ትንንሽ ፊደል አድርገው። አማርኛው ስክሪን ላይ፣ ሠራተኛው በሚያየው ቦታ ይኑር። በላቲን ካፒታል ፊደል ከተጠቀምክ ደግሞ ሁልጊዜ ጥቅስ ያስፈልግሃል፤ ያለ ጥቅስ የጻፍከውን ፖስትግሬስ ወደ ትንሽ ፊደል ያወርደዋል። ቪው (በስም የተቀመጠ ጥያቄ) ካለህ ለውጡን ራሱ ይከተላል፣ ቪው ላይ የሚታየው የኮለም ስም ግን አሮጌው ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ውስጥና ፈንክሽኖች ውስጥ የተጻፈውን ግን አንተ ነህ የምትቀይረው።

የኮንስትሬይንት ስምም አታርዝም። የፖስትግሬስ ገደብ 63 ባይት ነው፣ በግእዝ 21 ፊደል። የተረፈውን ይቆርጠዋል። መጀመሪያቸው አንድ የሆኑ ሁለት ረጃጅም ስሞች ሲቆረጡ ይመሳሰሉና «ይህ ስም አለ» የሚል ሌላ ኤረር ይመጣል።

አሁን ወደ ፎቶህ። የቅርንጫፍ ቴብሉ ላይ «የቅርንጫፍ_ሥም» እና «የቅርንጫፍ_ስም» ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ተሞልተዋል። ከአንተ በፊት የነካካው ሰው ያንኑ ኤረር አይቶ፣ ምክንያቱን ሳይፈልግ በሰ አዲስ ኮለም ጨምሮ ሄዷል። ኤረሩ ጠፋለት፣ መረጃው ግን ለሁለት ተከፈለ። ይህን ሥራ ብሎ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። አንዱን ቸኩለህ እንዳታጠፋ፣ ባክአፕ ሳትይዝም እንዳትነካው። መጀመሪያ ሁለቱም የተሞሉበትና የማይስማሙበት ረድፍ ካለ አውጣና ከቅርንጫፎቹ ጋር አጣራ። ከዚያ ባዶ ያልሆነውን በሚመርጠው በኮኣለስ ባዶውን ከሌላው ሙላ፣ ትርፉን በመጨረሻ ጣል።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ፎሪን ኪዩ «ይህ መለያ ሠራተኞች ውስጥ የለም» ሊልህ ይችላል። አትደንግጥ፣ የስሙ ችግር አልፏል ማለት ነው። አሁን የጎደለው መረጃ ነው። ሌፍት ጆይን አድርገህ (የደመወዝ ረድፎቹን ሁሉ ከሠራተኞቹ ጋር አጋጥመህ) ባለቤት የሌላቸውን የደመወዝ ረድፎች አውጣና ዝርዝሩን ለሂሳብ ክፍሉ ስጥ። የተከፈለ ደመወዝ ነውና ራስህ አትሰርዘው።