ቀለበቱ ይቅደም ወይስ ቪዛው? ስለ ጋብቻና ወደ አሜሪካ ስለመሄድ ለጠየቃችሁኝ

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ራሴ ፎርም ሞልቼ፣ ራሴ ተሳስቼ፣ ራሴ አርሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የዘመድና የጓደኛ ወረቀት ሳይ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኛው ጥያቄያችሁ ስለ አሜሪካ ስለሆነ እዚያው ላይ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እጮኛዬ አዲስ አበባ ናት። በፊያንሴ ቪዛ ላምጣት ወይስ ሄጄ አግብቼ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእኔን ሐሳብ ከፈለግክ ሄደህ አግባ።

በፊያንሴ ቪዛ ከመጣች በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባችሁ። ቀኑ አይራዘምም። ካንተ ሌላ ሰው አግብታ መቅረትም አትችልም። ከተጋባችሁ በኋላ ደግሞ ግሪን ካርዱን እንደ አዲስ ትጠይቃላችሁ። የሥራ ፈቃዷ እስኪመጣ ቤት ትቀመጣለች። የጉዞ ፈቃድ ሳይሰጣት ከአገር ከወጣች ማመልከቻው ይሰረዛል። እናቷ ቢታመሙ እንኳ ብድግ ብላ መሄድ አትችልም። በትዳር ቪዛ የመጣች ግን ኤርፖርት ስትገባ ነዋሪ ናት። በማግስቱ ሥራ መፈለግ ትችላለች።

ወጪውን እንየው። በኤፕሪል 2024 በወጣው ተመን የፊያንሴ ፔቲሽን (አሜሪካ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስገባው ማመልከቻ) 675 ዶላር ነው። ቪዛው 265፣ እዚህ የሚገባው የግሪን ካርድ ማመልከቻ 1,440። ድምሩ 2,380 ይመጣል። በትዳር ከሆነ ፔቲሽኑ 675 ነው፤ በኢንተርኔት ካስገባህ 625። ከዚያ ለቪዛው 325፣ ለስፖንሰር ወረቀቱ 120 እና ለግሪን ካርዱ 235 ትከፍላለህ። የሕክምና ምርመራውን ሳንጨምር ወደ አንድ ሺህ ዶላር ልዩነት አለው። የበግ ዋጋ ጨምሯል ለሚል ሙሽራ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠቱን ለጊዜው እንዲቆም ወስኗል። የትዳር ቪዛ ኢሚግራንት ቪዛ ነው። ፊያንሴ ቪዛ ግን በወረቀት ደረጃ ኢሚግራንት ያልሆነ ቪዛ ተብሎ ነው የሚመደበው። ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት የዛሬውን የኤምባሲውን ድረ ገጽ አንብብ፤ አምና የሄደ ጓደኛህን ምክር ብቻ ይዘህ አትነሳ።

ጥያቄ፦ ሽማግሌ ልከን ቀለበት አስረናል። ቤተ ክርስቲያን ሄደንም ሥርዓቱ ተፈጽሞልናል። ድግሱ ብቻ ነው የቀረን። ፊያንሴ ነን ብለን ማመልከት እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው።

የቤተሰብ ሕጋችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት የሚፈጸም እና በባህል የሚፈጸም። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። እኛ «ገና አልተጋባንም፣ ሰርግ አልደገስንም» ስንል ድግሱን ማለታችን ነው። ቆንስሉ ግን ድግስ አይቆጥርም። በተክሊል ወይም በቁርባን ከተጋባችሁ፣ ኒካህ ከታሰረ፣ ወይም በአካባቢው ባህል ሙሉ ጋብቻ ከተፈጸመ በሕግ ፊት ባልና ሚስት ናችሁ። ፊያንሴ ቪዛ ደግሞ ላልተጋባ ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ነጭ ቬሎና ካባ የለበሳችሁበት ፎቶ ሲወጣ ኬዙ ወደ አሜሪካ ይመለሳል። ያ ሁሉ ወር ባከነ ማለት ነው።

ሽምግልናና ቀለበት ብቻ ከሆነ ግን እጮኛ ናችሁ፤ ችግር የለውም። እንዲያውም የሽምግልናው ፎቶ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከፎቶው ጋር ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጻፉ። ነጭ ለብሰው የተደረደሩ ሽማግሌዎችን ያየ የውጭ አገር ሰው ሰርግ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የእናንተ ሥርዓት ጋብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ጋብቻውን አስመዝግቡ፤ የምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ በትዳር ቪዛ ግቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ኒካሃችን በስልክ ታስሯል። እኔ ጅዳ፣ እሱ ሚኒሶታ። ይቆጠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁ አንድ ቦታ ሳትገኙ የታሰረ ጋብቻ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ተገናኝታችሁ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከሆናችሁ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም ተጋቢዎቹ ራሳቸው እንዲገኙ ይጠይቃል፤ በውክልና ለመጋባት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ተገናኙና በአካል ተጋቡ። የጉዞ ቲኬቱንና የፓስፖርት ማኅተሙን እንዳትጥሉ።

ጥያቄ፦ ልጄን ያጨው ሰው ግሪን ካርድ ነው ያለው። ልጄ የሦስት ዓመት ሕፃን አላት። አብረው ይሄዳሉ?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ፊያንሴ ቪዛ መጠየቅ አይችልም። ማግባት አለበት። ካገባ በኋላ ያመለክታል፤ ወረፋ አለው። ወረፋው በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ሰንጠረዥ ይታያል።

ስለ ሕፃኑ ግን በደንብ ይስሙኝ። ባልየው ግሪን ካርድ ይዞ ሲያመለክት ልጁ በእናቱ ኬዝ ተጠቃልሎ መሄድ ይችላል። በመሃል ባልየው ዜግነት ሲያገኝ የልጅዎ ወረፋ ይቀርና ደስታ ይሆናል፤ የሕፃኑ ስም ግን ከእናቱ ኬዝ ይወጣል። የዜጋ ሚስት ኬዝ ልጅ አይጨምርምና። ለሕፃኑ ለብቻው ሌላ ፔቲሽን መግባት አለበት። ይህን ሳያውቁ እናት ቪዛ አግኝታ ልጅ የቀረባቸውን አውቃለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለሁለቱም ለየብቻ እንዲያስገባ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሄድ ደላላው ስሜንም ዕድሜዬንም ቀይሮ ነበር ፓስፖርት ያወጣልኝ። አሁን በትክክለኛ ስሜ ነኝ። ባሌ ሊያመለክትልኝ ነው። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ተናገሪ። ፎርሙ «ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም ከ16 ዓመትሽ በኋላ ከ12 ወር በላይ ከኖርሽበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ። የኩዌቱ ወረቀት ሲመጣ በድሮው ስም ነው የሚመጣው፤ ዝም ብትዪም ይታወቃል ማለት ነው። ለኩዌት በሌላ ስም መግባትሽ ለአሜሪካ መዋሸት አይደለም። ለአሜሪካው ቆንስል መደበቅ ግን ነው፤ ለዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። በዚያ ፓስፖርት የአሜሪካ ቪዛ ጠይቀሽ ከነበረ ግን ፎርም ከመሞላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የለም።

ጥያቄ፦ የሰርጋችን ቀን በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተተርጉሟል። ያስቸግራል?

መልስ፦ ያስቸግራል፤ እኔንም አስቸግሮኛል። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ የባለቤቴን የልደት ቀን በአንድ ቀን አሳስቶብኝ ወረቀት ከእንደገና አስተርጉሜያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 12 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 20 ይውላል። ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነችበት ማግስት በሚገባው ዓመት ግን አንድ ቀን ይገፋል። 2015 ላይ ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ ስለዚህ ጥር 12 ቀን 2016 ያገባ ሰው ሰርጉ ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ተርጓሚው በልማድ 20 ብሎ ይጽፈዋል። ሰርጋችን በጥር ስለሚበዛ ስሕተቱም ይበዛል። ራሳችሁ ቁጠሩ፣ የተሳሳተውን አሳርሙ። የአባትና የአያት ስም ፊደልም በሁሉም ወረቀት ላይ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምሠራው። ገቢዬ ትንሽ ነው። ሚስቴን ስፖንሰር ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ለሁለት ሰው ቤተሰብ በ2025 መለኪያ ይፈለግ የነበረው በዓመት 26,437 ዶላር ነበር። ኡበር ላይ የሚታየው ታክስ ላይ ያሳወቅከው የተጣራ ገቢ ነው። የቤንዚኑንም የመኪናውንም ወጪ ቀንሰህ 14 ሺህ ብለህ ካሳወቅክ ያው 14 ሺህ ነው። ካልሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮህ ይፈርማል። ለሚፈርምልህ ሰው ግን እውነቱን ንገረው፤ ብትፋቱ እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም።

ጥያቄ፦ በቱሪስት ቪዛ መጥታ እዚያው ብንጋባስ?

መልስ፦ ልትቀር አስባ «ጎብኝቼ እመለሳለሁ» ካለች ውሸት ነው። አታድርጉት።

ጥያቄ፦ በገንዘብ የሚያገባኝ ዜጋ ተገኝቷል። ምን ትላለህ?

መልስ፦ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት አለው። ከተያዝሽ ደግሞ ወደፊት በእውነተኛ ትዳር እንኳ ቢሆን ማንም ሊያመለክትልሽ አይችልም።

ጥያቄ፦ ሚስቴ የእኔን ስም አልያዘችም። ቃለ መጠይቅ ላይ ችግር ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የእኛ ሴቶች የአባታቸውን ስም ይዘው እንደሚኖሩ ያውቃል። የሚያስቸግረው እዚህ ከመጣችሁ በኋላ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ባንክ ስገባ «እና ይህቺ ምንህ ናት?» እየተባልኩ ነው።