ጸሎት የተከለከለው ለማን ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳርና ከዙሪያዋ ከተሞች የተላኩ ናቸው። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ተላከ። «አሜሪካ ጸሎትን ከትምህርት ቤት አባረረች፤ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ልጅ ይቀጣል» ይላል። እሑድ ዕለት ሰባኪያችንም ይህንኑ ደገሙት። ልጆቼ በሚቀጥለው ዓመት አባታቸው ዘንድ ይሄዳሉና ጭንቅ ይዞኛል። እውነት ነው?
(የሦስት ልጆች እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እህታችን፣ በዚህ አይጨነቁ። ልጆችዎ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በቦርሳቸው ይዘው መግባት ይችላሉ። ምሳ ሲቀርብ ማማተብ፣ ፈተና ሲታደል በልባቸው መጸለይ፣ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቻቸው ጋር ጥቅስ ማንበብ ይችላሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የሆነ ክበብ፣ ለምሳሌ የቼዝ ክበብ፣ ከፈቀደ የተማሪዎችን የጸሎት ክበብ እምቢ ማለት አይችልም። ይህ ከ1984 ጀምሮ ሕግ ነው።

የተከለከለው ሌላ ነው። በኒው ዮርክ የትምህርት ኃላፊዎች ራሳቸው የደረሱት፣ በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ያሉት ጸሎት ነበር፤ በየማለዳው በክፍል ውስጥ ይባል ነበር። ወላጆች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 ጸሎት መድረስ የመንግሥት ሥራ አይደለም ብሎ ፈረደ። በ1963 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ማለዳ አምልኮ በክፍል ማስነበብን ከለከለ፤ በዚያው ፍርድ ግን መጽሐፉን እንደ ታሪክና እንደ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር እንደሚቻል አስፍሯል። ስለዚህ የተከለከለው መንግሥት ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

ቪዲዮው ይህን ልዩነት የዋጠው በከንቱ አይደለም። «ጸሎት ተባረረ» የሚለው ቃል ለአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የምርጫ መቀስቀሻ ሆኖ አገልግሏል። የሚጠይቁት የልጅ መብት ቢሆን ኖሮ በእጃቸው ነው። የሚጠይቁት የመንግሥትን እጅ ነው። በ2024 የሉዊዚያና ግዛት ዐሠርቱ ትእዛዛት በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ክፍል እንዲሰቀል ሕግ አወጣ፤ ወረቀቱ ቢያንስ 28 በ36 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲሆን፣ ቃሉም የትኛው ትርጉም እንደሆነ በሕጉ ተጻፈ። ተመሳሳይ የኬንታኪ ሕግ ግን በ1980 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተሽሮ ነበር።

በዚያው በ2024 የኦክላሆማ ትምህርት ኃላፊ መጽሐፍ ቅዱስ በየክፍሉ ይግባ ብለው አዘዙ። ለግዢ የወጣው ጨረታ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እንይ። 55,000 ቅጂ፤ ትርጉሙ ኪንግ ጄምስ የተባለው ብቻ፤ ሽፋኑ ቆዳ ወይም ቆዳ መሳይ፤ በዚያው ጥራዝ ውስጥ የነፃነት አዋጁ፣ ሕገ መንግሥቱና የሰንደቅ ዓላማው ቃለ መሐላ የታተሙበት። ይህን የሚያሟላ መጽሐፍ ገበያ ላይ እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንዱ ዶናልድ ትራምፕ ያስተዋወቁት እትም ነው። ጩኸት ሲበዛ ዝርዝሩ ተሻሻለ፤ ኃላፊው በ2025 ሥልጣን ሲለቁም የተተኩት ሰው ትእዛዙን አነሡት።

እንግዲህ የኦርቶዶክስ እናት ከሆኑ ይህን ያስቡ፦ በዚያ ጨረታ መጽሐፈ ሄኖክም ኩፋሌም ቦታ የላቸውም። 81ዱን መጻሕፍት ይዞ ያደገ ልጅ፣ መንግሥት «መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ነው» ብሎ በሰጠው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የፕሮቴስታንት አንባቢዎቻችን «ለእኛስ 66ቱ በቂ ናቸው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ይለያዩ ብለው አምርረው ከጮኹት መካከል የኮነቲከት ባፕቲስቶች ነበሩ። በግዛቱ በሕግ የታወቀው ቤተ ክርስቲያን የእነርሱ ሳይሆን የሌላ ማኅበር ስለነበር፣ ለሌላው ሰባኪ ግብር ላለመክፈል የምስክር ወረቀት ማቅረብ ነበረባቸው። አቤቱታቸውን ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ጻፉ፤ «የመለያ ግንብ» የሚለው ዝነኛ አነጋገር በ1802 ለእነርሱ ከተጻፈው መልስ የመጣ ነው። ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ የምንለውን እነርሱ በግብር ደረሰኝ ተምረውታል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል።

ተመሳሳይ ቪዲዮ ሲደርስዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው ወይስ የግል? የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ቢያስጸልይ ከልካይ የለውም። የተቀጣው ተማሪ ነው ወይስ መምህር? ብዙው ወሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ በክፍሉ ጸሎት መምራት አይችልም። በ2022 ከእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ የጸለየ የመንግሥት ትምህርት ቤት አሠልጣኝ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ የረታውም ፍርድ ቤቱ ጸሎቱን የግሉ ነው ስላለው ነው። ሦስተኛው፦ የትኛው ግዛት፣ በየትኛው ዓመት? እነዚህ የሌሉበትን ቪዲዮ ለሌላ አያሳልፉ።

ለልጆችዎ ደግሞ፦ የእኛ ገና በዚያ የትምህርት ቀን ላይ ሊውል ስለሚችል አባታቸው ቀደም ብሎ የፈቃድ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ፤ አሠራሩ በየቦታው ስለሚለያይ ደንቡን በምዝገባ ቀን ይጠይቅ። የጾም ምግብንም ያኔውኑ ያሳውቅ።

ጥያቄ፦ ክሊኒካችንን የሚረዳው ድርጅት «ስለ ፅንስ ማቋረጥ አንዳች እንዳትናገሩ» ብሎን ነበር። በኋላ ራሱ ገንዘቡ ተቋርጦ ቢሮውን ዘጋ። ሁለቱ አንድ ናቸው? የእኛ ሕግ የፈቀደውን አሜሪካ እንዴት ይከለክላል?
(ነርስ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ ይባላል። ከእሱ በፊት በ1973 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ገንዘብ ለዚህ አገልግሎት እንዳይከፈል ከልክሎ ነበር። በ1984 የሬገን መንግሥት አጠበቀው፦ የአሜሪካን እርዳታ የሚወስድ መንግሥታዊ ያልሆነ የውጭ ድርጅት፣ ከሌላ ለጋሽ ባገኘው ገንዘብ እንኳ አገልግሎቱን እንዳይሰጥና እንዳያማክር። ከዚያ ወዲህ ዴሞክራት ሲመጣ ይፈታል፣ ሪፐብሊካን ሲመጣ ይታሰራል፦ በ1993 ተነሣ፣ በ2001 ተመለሰ፣ በ2009 ተነሣ፣ በ2017 ሰፍቶ ተመለሰ፣ በ2021 ተነሣ፣ በጃንዋሪ 2025 እንደገና ተመለሰ። የዋሽንግተን ምርጫ በለገጣፎ የምክር ክፍል ውስጥ የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው።

የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ከሚፈቅዳቸው መካከል በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ እርግዝና፣ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ የሆነ እርግዝና፣ ለአካለ መጠን አለመድረስ ይገኛሉ። ፖሊሲው መደፈርን፣ የቅርብ ዘመድንና የሕይወት አደጋን አይነካም። ውርጃ ለደረሰባት ሴት የሚሰጥ ሕክምናንም አይነካም። ግጭቱ የሚመጣው በጤናና በዕድሜ ላይ ነው። የ17 ዓመት ልጅ አስባ ጨርሳ «በሕጋዊ መንገድ የት ልሂድ?» ብላ ከጠየቀች ፖሊሲው ቦታውን መንገርን ይፈቅዳል፤ ነርሷ ግን ርዕሱን ልታነሣ አትችልም። ሕጉ እንደሚፈቅድላት የማታውቅ ልጅ ደግሞ አትጠይቅም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ የምትጎዳውም ብዙ ያልተማረችውና ገንዘብ የሌላት ናት።

ብዙ ድርጅት ገንዘቡን ላለማጣት ከተጻፈው በላይ ዝም ያሰኛል። ስለዚህ በቃል ትእዛዝ አትመሩ፤ የፈረመውን ውል ጽሑፍ ጠይቃችሁ የተፈቀደውን አንቀጽ አንብቡ። በአቅራቢያችሁ አገልግሎቱን የሚሰጠው የመንግሥት ጤና ተቋም የትኛው እንደሆነም አስቀድማችሁ እወቁ።

ሁለተኛው የ2025 ነው። ጃንዋሪ 20 የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት ታገደ፤ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ጁላይ 1 ተዘጋ። ይህ ምግቡንም፣ የወባውንም፣ የቲቢውንም ነካ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፦ በ2003 የተጀመረውና ኢትዮጵያን ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ያደረገው የኤችአይቪ ፕሮግራም፣ ፔፕፋር፣ የወግ አጥባቂው የጆርጅ ቡሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ወንጌላውያንም ደግፈውታል። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመከላከያው በጀት ሲሶው ከጋብቻ በፊት መታቀብን ለመስበክ እንዲውል የሚያዝ ግዴታ ቢኖርበትም የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። የዛሬዎቹ ያፈረሱት የራሳቸውን ወገን መልካም ሥራ ጭምር ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ድርጅቱ ከተዘጋበት፣ እንክብሉ ሳያልቅ የዝውውር ወረቀቱን ይዞ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንዲበረክት ብሎ ቀን እየዘለለ መውሰድ ወይም ከባልና ሚስት ለሁለት መካፈል ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ዳላስ ያለው ወንድሜ «ክርስቲያን ከሆንህ ሪፐብሊካን ነህ፤ ሲጀመርም በፅንስ ጉዳይ ነው የተነሣነው» ይለኛል። ልክ ነው?
(ከቡራዩ)

መልስ፦ ካቶሊኮችን በሚመለከት ተቃውሞው የቆየ ነው። ወንጌላውያንን በሚመለከት ግን መዝገቡ ሌላ ይናገራል። ትልቁ የፕሮቴስታንት ማኅበር፣ የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ፣ በ1971 ባሳለፈው ውሳኔ ለመደፈር፣ ለቅርብ ዘመድ እርግዝና፣ ለከባድ የፅንስ ጉድለት፣ ለእናቲቱ የአእምሮና የአካል ጤና ሲባል ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ አባላቱ እንዲሠሩ ጠይቋል። ከእኛ አንቀጽ 551 ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ የቆሰቆሳቸው የትምህርት ቤት ግብር ነው የሚሉ የታሪክ ምሁራን አሉ፤ እኛም ማስረጃው ያሳምነናል። በ1954 በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ሲባል በደቡብ የነጭ ብቻ የሆኑ የግል ትምህርት ቤቶች በዙ። በ1971 ፍርድ ቤት ዘር የሚለይ ትምህርት ቤት ከግብር ነፃ አይሆንም አለ። በደቡብ ካሮላይና ያለው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል ፍቅርን የሚከለክል ደንብ ስለነበረው፣ በ1976 የግብር ነፃነቱን ተነጠቀ፤ በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ አጸናበት። ደንቡን ያነሣው በ2000 ነው። ፓስተር ጄሪ ፎልዌል በ1965 ሰባኪ ነፍስ ያድን እንጂ ፖለቲካ አይግባ ብለው የጥቁሮችን መብት ሰልፈኞች ነቅፈው ነበር፤ በ1979 ግን ሞራል ማጆሪቲ የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መሠረቱ። በ1980 የረዱት ሬገንን ሲሆን ያስወገዱት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበሩትን ባፕቲስቱን ጂሚ ካርተርን ነው።

ይህ ማለት ዛሬ ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወም ሁሉ ዘረኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙው ከልቡ ያምናል። ወንድምዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቁት። በቅርቦቹ ምርጫዎች ከ10 ነጭ ወንጌላውያን 8ቱ ገደማ ትራምፕን ሲመርጡ፣ ያንኑ መጽሐፍ የሚያነቡ የጥቁር ባፕቲስት ምእመናን በብዛት ዴሞክራትን መርጠዋል። እዚያው ዳላስ ካለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ ገብቶ ቢያዳምጥ ለክርክራችሁ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ፓስተር ከመድረክ «እከሌን ምረጡ» ማለት ይችላል?
(ከሰበታ)

መልስ፦ ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ዕጩን መደገፍም መቃወምም በሕግ ተከልክሏል። በተግባር ግን የተቀጣ እጅግ ጥቂት ነው። በጁላይ 2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ በቴክሳስ ፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ፣ በአምልኮ ጊዜ ለምእመናን የሚነገር ቃል በክልከላው አይካተትም አለ። ይህ መንገድ ከሰፋ፣ ለፖለቲካ የሚሰጥ ገንዘብ በምጽዋት ስም ያልፋል።

ጥያቄ፦ እህቴ ቨርጂንያ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች። ሜዲኬድ የሚባለው የጤና መድን አላት። «ካልሠራሽ ይቋረጣል» የሚል ሕግ ወጣ ተባለ። እሷ ትሠራለች፤ ታዲያ ምን ያሰጋታል?
(ከሱሉልታ)

መልስ፦ የሚያሰጋት ሥራው አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ፣ መድኑን በዝቅተኛ ገቢ ምክንያት የሚያገኙ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በጎ ፈቃድ ማገልገላቸውን እንዲያሳዩ ያዛል። በወር 580 ዶላር ገቢ ማሳየትም ይበቃል። ግዛቶች ቢዘገዩ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ይጀምራሉ፤ ብቁነቷም በየ6 ወሩ ይመረመራል። ነፍሰ ጡር፣ ዕድሜው 13 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያላት፣ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ነፃ ናቸው።

ደጋፊዎቹ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን የተሰሎንቄ መልእክት ይጠቅሳሉ፤ በምክር ቤት ክርክርም ተጠቅሷል። ጳውሎስ ግን «የማይወድ» ነው ያለው። በአርካንሳስ በ2018 ይኸው ሲሞከር በጥቂት ወራት ከ18,000 በላይ ሰው መድኑን አጣ፤ በኋላ በተደረገ ጥናት ግዴታው ከሚመለከታቸው አብዛኞቹ የሚሠሩ ወይም ነፃ መሆን የሚገባቸው ሆነው ተገኙ። ሰዓታቸውን የሚያስገቡት በኢንተርኔት ነበር፤ ድረ ገጹ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ማለዳው 1 ሰዓት ይዘጋ ነበር። የማታ ተረኛ ሠራተኛ ከሥራ ገብታ ስልኳን ስትከፍት በሩ ዝግ ነው።

ስለዚህ እህትዎ ከአሁኑ የደመወዝ ወረቀቷን ሁሉ ፎቶ እያነሣች ታስቀምጥ። ቤት ስትቀይር አድራሻዋን በዚያው ሳምንት ታሳውቅ፤ መድኑ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ደብዳቤው አሮጌው ቤት ስለሚደርስ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት አይደር። እንግሊዝኛው ከከበዳት በነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላት፤ «አማርኛ» ብላ ትጠይቅ። ሰዓቷ በጎደለ ወር በቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ያገለገለችበት ሰዓት ሊቆጠርላት ይችላል፤ ቀኑና ሰዓቱ ተዘርዝሮ፣ ኃላፊው ፈርሞበት በጽሑፍ ትያዘው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ገና ያልያዘች ስደተኛ ከሆነች ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ መብቱን የሚያጠብብ ሌላ አንቀጽ አለና፣ ከዚያ ቀን በፊት ከሕግ አማካሪ ጋር ትነጋገር።