ጥገኝነት ጠያቂ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ጥገኝነት ከጠየቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ውሳኔ ሳላገኝ ዩኒቨርሲቲ ልማር እችላለሁን? ክፍያውንስ ማን ይሸፍንልኛል? (አንባቢ፣ ከሊድስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መማር በጥቅሉ አልተከለከለም፤ ሆኖም ከኢሚግሬሽን በተሰጠዎት የዋስትና ደብዳቤ («ኢሚግሬሽን ቤይል»፣ ውሳኔ እስኪያገኙ የሚያከብሯቸው ግዴታዎች የሚዘረዘሩበት ወረቀት) ላይ ትምህርትን የሚከለክል ግዴታ ሰፍሮ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ከባዱ የገንዘቡ ነገር ነው። ጥገኝነት ጠያቂ በእንግሊዝ የመንግሥትን የተማሪዎች ብድር አያገኝም፤ ዩኒቨርሲቲዎችም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ስለሚያስከፍሉት፣ በ2025/26 የትምህርት ዘመን ለአገሬው ተማሪ የተወሰነው የ9,535 ፓውንድ የዓመት ክፍያ ጣሪያ አይመለከተውም። የስደተኝነት እውቅና ያገኘ ሰው ግን የአገሬውን ክፍያ ይከፍላል፤ ብድሩንም ያገኛል። ውሳኔው የሚዘገየው በአመልካቹ ጥፋት ሳይሆን ሲቀር፣ ይህን ልዩነት ፍትሐዊ ነው ለማለት እንቸገራለን።

ክፍተቱን በከፊል የሚሞሉት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጧቸው «ሳንክቹዋሪ ስኮላርሺፕ» የተባሉት ድጋፎች ናቸው፤ የትምህርት ክፍያውን ይሰርዛሉ፣ ብዙዎቹም ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ይጨምራሉ። ቦታው ጥቂት ስለሆነና ማመልከቻው ከትምህርት ቅበላው ተለይቶ ስለሚቀርብ፣ የሚዘጋበትን ቀን ከወዲሁ ይጠይቁ። የትምህርት ማስረጃዎ አገር ቤት ቀርቶ ከሆነም ለቅበላ ክፍሉ ዛሬውኑ ይጻፉ።