«መሲሕ» በጃዝና በጎስፔል ስልት ሲዘመር

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ በዩኒቨርሲቲዋ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። ዘንድሮ ለገና የሚያቀርቡት የጥንቱን የሙዚቃ ደራሲ የሃንድልን «መሲሕ» (ስለ ክርስቶስ የሚዘምር ረጅም ድርሰት) ቢሆንም፣ ዜማው ወደ ጃዝና ጎስፔል (የአሜሪካ ጥቁሮች የሙዚቃና የመዝሙር ስልቶች) ተለውጦ በድራምና በጭብጨባ የሚዘመር ነው። ከዘማሪዎቹም ብዙዎቹ አማኞች አይደሉም። ይህ ቅዱሱን መዝሙር ማርከስ አይሆንም? ልከልክላት?

መልስ፦ የተወደዱ እኅታችን፣ እንዲከለክሏት አልመክርም። ሥጋትዎ ግን አዲስ አይደለም፤ ድርሰቱ ገና በተወለደበት ዘመን ተነሥቶ ነበር። ሃንድል ዜማውን የደረሰው በ1741 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ መርጦ ያዘጋጀለት ቻርልስ ጄነንስ ነው። በሚያዝያ 1742 አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረውም በሙዚቃ አዳራሽ እንጂ በቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ገቢው ለሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ተሰጠ። በዓመቱ ለንደን ውስጥ በኮቨንት ጋርደን ቲያትር ሲቀርብ ግን «የእግዚአብሔር ቃል በቲያትር ቤት ይዘመራልን?» የሚል ተቃውሞ በጋዜጣ ወጣ።

ዜማውም ቢሆን ከዓለም ያልተነካ አልነበረም። ዛሬ በየገናው የምንሰማው «ሕፃን ተወልዶልናልና» (ኢሳ 9፥6) የሚለው ኅብረ ዝማሬ፣ ሃንድል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ «ዕውር ፍቅር ሆይ፣ አላምንህም» ለሚል የጣሊያንኛ የፍቅር ግጥም ከደረሰው ዜማ የተወሰደ ነው። በ1789 የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት የትንፋሽ መሣሪያዎችን ጨምሮ በጀርመንኛ አዘጋጀው፤ በ1992 ደግሞ በአሜሪካ የጥቁሮች ሙዚቃ ስልት የተሠራ አልበም ወጣ፤ በእርሱም ታዋቂዎቹ ሙዚቀኞች ኩዊንሲ ጆንስና ስቲቪ ወንደር ተሳትፈዋል። የጎስፔል ስልት በባርነት ቀንበር ሥር ከጸለዩ ክርስቲያኖች ዝማሬ የወረደ ስለሆነ፣ ከበሮና ጭብጨባ ስላለበት ብቻ ዓለማዊ ማለት ፍርድን ማቻኮል ነው፤ የእኛም ጉባኤዎች ስለ ጊታር ምን ያህል እንደተከራከሩ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ምቱ ሳይሆን የሚዘለለው ቃል ነው። ድርሰቱ ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ስለ ትንቢቱና ስለ ልደቱ፣ ሁለተኛው ስለ መከራው፣ ስለ ትንሣኤውና ስለ ወንጌል መስፋፋት፣ ሦስተኛው ስለ ሙታን ትንሣኤ ይዘምራል። «ሃሌ ሉያ» የሚለው ታዋቂ ኅብረ ዝማሬ የሁለተኛው ክፍል መደምደሚያ ነው። ለገና የሚቀርቡ ዝግጅቶች ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ዘምረው በቀጥታ ወደ «ሃሌ ሉያ» ይሻገራሉ፤ ይህ በጥንታዊውም አቀራረብ የሚታይ ነው። መስቀሉ ሲዘለል ቀሪው የገና ደስታ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅዎን «የተናቀ ከሰውም የተጠላ፥ የሕማም ሰው» (ኢሳ 53፥3) የሚለውን ትዘምሩታላችሁ ወይ፣ ከዘመራችሁትስ እንዴት ብለው ይጠይቋት። ከበሮ «ደስ ይበልሽ» ለሚለው ይስማማል፤ ስለ ጌታ መከራ የሚናገረውን ቃል ወደ ጭፈራ የለወጠ አዘጋጅ ግን ቃሉን አላነበበውም ብዬ ለመናገር አላመነታም።

የዘማሪዎቹን እምነት በተመለከተ፣ ደብሊን ላይ ያንኑ «የተናቀ» የሚለውን የዘመረችው ሱዛና ሲበር፣ ከትዳሯ ውጭ በነበራት ግንኙነት ምክንያት በለንደን ስሟ የጠፋ ተዋናይት ነበረች። ዝማሬዋን የሰሙ አንድ ካህን «አንቺ ሴት፣ ስለዚህ ኃጢአትሽ ሁሉ ይሰረይልሽ» ብለው ጮኹ ይባላል። ኃጢአት በዝማሬ አይሰረይም፤ ይሁን እንጂ ቃሉ በማን አፍ እንደሚነገር የሚመርጠው እግዚአብሔር ነው። ከልጅዎ የሚጠበቀው ሐዋርያው «በመንፈስ እዘምራለሁ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ» (1ቆሮ 14፥15) ያለውን መጠበቅ ነው፤ የምትዘምራቸውን ጥቅሶች በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አብራችሁ ብታነቧቸው ይረዳታል። ልምምዱ የእሑድን አምልኮ የሚያስቀርባት ከሆነ ግን ያንን ከመዘምራኑ መሪ ጋር አስቀድማ ትነጋገርበት።

እርስዎም ሄደው ይስሙ። «ሃሌ ሉያ» ሲዘመር ሕዝቡ ብድግ ቢል አይደናገጡ፤ የቆየ የእንግሊዞች ልማድ ነው፤ ቢቆሙም ቢቀመጡም የሚያስነቅፍ አይደለም።