ዋርድ ስገባ እጄ ለምን ይከዳኛል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ነርሲንግ ተማሪዎች ናቸው፣ ሦስቱም ከጎንደር። የመጀመሪያውን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ መልሱም ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ የመጣሁት ከቆላ ድባ ነው። ክላስ ላይ ውጤቴ ጥሩ ነው። ዋርድ፣ በሽተኞች የተኙበት ክፍል፣ ስገባ ግን የማውቀው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ባለፈው ሰሞን አስተማሪያችን በሽተኛው አልጋ ዳር አቁሞኝ፣ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ ጨው ያለበት ፈሳሽ) በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሁን አለኝ። ፈተና ላይ ሠርቼዋለሁ እኮ! ያን ቀን ግን ጭው አለብኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። እሱም በሽተኛው እየሰማ «አንቺ ሰው ትገድያለሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አነባለሁ፣ ጠዋት ምንም አላስታውስም። ታላቅ ወንድሜ መተማ ወርዶ ሰሊጥ እያጨደ ነው ብር የሚልክልኝ። ማቋረጥ አልችልም፣ መቀጠልም አቃተኝ። እውነት ነርስ መሆን የማልችል ሰው ነኝ ወይ?
(ስሜ ይቅር)

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርሰው፣ ምክንያቱም አንጀትሽ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። አንድ ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ነው። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ 1000 በ20 ታባዢና ለ480 ታካፍያለሽ። 41.67 ይመጣል፣ 42 ጠብታ በይው። በቃ ይኸው ነው። ስንት እንደሚጥል ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ 15 የሚጥልም 60 የሚጥልም ስላለ ሁልጊዜ እሱን እዪ። አልጋው ዳር ደግሞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆመሽ አትቆጥሪም። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት እሰሪና ለ15 ሰከንድ ቁጠሪ፣ አሥር ወይም አሥራ አንድ ጠብታ ከወደቀ ልክ ነሽ።

አየሽ፣ ይህን ሁሉ ታውቂው ነበር። ያን ቀን ዕውቀቱ አልጠፋም፣ በሩ ነው የተዘጋብሽ። ስንደነግጥ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቃል። ለመሮጥ ይጠቅማል፣ ለማባዛትና ለማካፈል ግን አይሆንም። ዬርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1908 እ.ኤ.አ. አይጦች ላይ ሞክረው ያዩት ነገር ለአንቺ ይጠቅምሻል ብዬ አምናለሁ፦ ቀላል ሥራ ብዙ ጫና ይችላል፣ ከባድ ሥራ ግን ጫናው ትንሽ ከፍ ሲል ይበላሻል። ለእኔ ጠብታ መቁጠር ዛሬ ቀላል ሥራ ነው፣ አጠገቤ ሰው ቢጮህም እቆጥራለሁ። ለአንቺ ገና ከባድ ነው። እና ያው ጩኸት እኔን አይነካኝም፣ አንቺን ይጥልሻል። ይሄ የጭንቅላት ማነስ አይደለም፣ የድግግሞሽ ጉዳይ ነው።

ፓትሪሺያ ቤነር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ፣ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃ ታልፋለች ትላለች። ጀማሪዋ በሕግና በቀመር ነው የምትሄደው። ሁኔታውን አይታ «እዚህ ጋ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው» ለማለት ገና በቂ በሽተኛ አላየችም። አንቺ ያለሽው እዚያ ነው፣ መሆን ያለብሽም እዚያው ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆነሽ ሃያ ዓመት ከሠራች ሲኒየር ጋር ራስሽን አትለኪ።

ስለ ራሴም ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ ከአንዲት እናት ደም ልቀዳ ገባሁ። ክንዳቸውን አሰርኩ፣ ደም ሥሩን ፈለግኩ፣ አጣሁት፣ እንደገና ፈለግኩ። ላቤ በአፍንጫዬ ይወርዳል። ማሰሪያውን መፍታት ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ቀስ ብለው «ልጄ፣ ክንዴ ደነዘዘ» አሉኝ። ስፈታው ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። አለቀስኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሌላኛውን ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «በዚህኛው ሞክሪ» አሉኝ። ያን ክንድ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ተማሪ አጠገቤ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የምለው «ማሰሪያውን ፍታና ተንፍስ» ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አንደኛ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ችከላ ውጪ። ቀን ያነበብሽው አእምሮሽ ውስጥ የሚረጋው ስትተኚ ነው፣ እንቅልፉን ስትቀንሺ ያነበብሽውን እያፈሰስሽው ነው። ሃንድአውት አራት ጊዜ ከማንበብ አንዴ አንብበሽ ዘግተሽ «ምን ነበር ያልኩት?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መጀመሪያ ያበሳጫል፣ ግን የሚቆየው እሱ ነው። ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፦ ተቀምጠሽ ያጠናሽውን ቆመሽ ነው የምትጠየቂው፣ ስለዚህ ቆመሽ አጥኚ። ዶርም ውስጥ የሃይላንድ ውኃ መያዣ ጥፍር ላይ ስቀሉ፣ አንዷ በሽተኛ ትሁን፣ አንዷ ቲቸር ትሁንና ትቆጣ፣ አንቺ ጮክ ብለሽ አስሊ። መሳቃችሁ አይቀርም፣ ሳቁ። ስኪል ላብ (የመለማመጃ ክፍሉ) ክፍት ሲሆንም አሻንጉሊቱ ላይ ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ማስገባቱን ሌሎቹ ሲሰለቻቸው አንቺ ቀጥዪ። አሻንጉሊት አይሞትም።

ዋርድ ላይ ሲጠፋሽ ደግሞ ዝም አትበዪ፣ አትገምቺም። «እርግጠኛ አይደለሁም፣ አስልቼ ላረጋግጥ» በዪ። ይህን የምትል ነርስ ሰው አትገድልም። እኔን የሚያስፈራኝ የማታውቀውን የምታውቅ መስላ መድኃኒት የምትሰጠዋ ናት።

አስተማሪሽን በተመለከተ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሰው ሊገድል እንደሚችል ማስጠንቀቁ ትክክል ነው። በሽተኛ ፊት እንደዚያ መናገሩ ግን ትክክል አይደለም። አንቺን አሳፈረ፣ የታመመውንም ሰው አስፈራ። እንደኔ እንደኔ ቢሮው ሂጂና «ቲቸር፣ ያን ቀን ደንግጬ ነው እንጂ ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ፊትዎ ልሥራው» በዪው። ብዙዎቹ እንዲህ ሲባሉ ይለዝባሉ። ካልለዘበ ለክፍል ተጠሪው ንገሪ፣ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የቆላ ድባ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወባ ያንቺን አገር ደንቢያን በሺዎች ጨርሶት ነበር፣ ኮሌጁን ካስከፈቱት ምክንያቶች አንዱ ያ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የኮሙኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በቡድን ሆነው ገጠር ወርደው ነበር የሚማሩት። ብቻውን ሆኖ የተማረ የለም። አንቺም ሁለት ጓደኛ ያዢ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ሳምንት አልፎ አሁንም እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ይሄ የጥናት ችግር አይደለም። ያ ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንትም አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። በሽተኛሽ ብትሆን የምትልኪያት እዚያ አይደል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ላይ ደም ቀድቼ መርፌውን መልሼ ልከድን ስል ጣቴን ወጋኝ። ግዴለሽ እንዳይሉኝ ታጥቤ ዝም አልኩ። ትናንት ነው። ምን ላድርግ?
(የአራተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልክህን ስለጻፍክልኝ ያኑ ቀን ደውዬልሃለሁ፣ ሄደህ መታየትህንም ነግረኸኛል፣ ተመስገን። እዚህ የምጽፈው እንዳንተ ዝም ላሉት ነው። መርፌ ከወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ደሙን ለማውጣት አትጭመቁት። ከዚያ ወዲያው ተናገሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት፣ ፔፕ የምንለው፣ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። የሚወሰደው 28 ቀን ነው። የበሽተኛው ደም ኤች አይ ቪ ቢኖርበትም በእንዲህ ዓይነት ውጊያ የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሦስት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ዓለም ጨለመብኝ አትበሉ፣ ግን አትቀመጡም። ክትባት ላልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከዚያ በጣም የበለጠ አስጊ ነው። ክትባቱ ሦስት ዙር ነው፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ዋርድ ሳትገቡ ጀምሩት። መርፌም መልሳችሁ አትክደኑ፣ እንዳለ ሴፍቲ ቦክስ፣ የመርፌ መጣያው ሣጥን፣ ውስጥ ክተቱት።

ለአስተማሪዎቹም አንድ ቃል አለኝ። ይህ ልጅ ከቫይረሱ ይልቅ ቁጣን ፈርቶ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለ። እባካችሁ፣ ተማሪ «ተወጋሁ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ እጁን እዩለት።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ልጄ ነርሲንግ ትማራለች። ቅዳሜ ከሌሊት ዱቲ ትመጣና ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ እናቷን እንኳ አታግዝም። ስንፍና ነው ወይስ ሕመም?
(አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱም አይመስለኝም። ልጅዎ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ናት። ምናልባትም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲሞት አይታ ይሆናል፣ እሱንም አልነገረችዎትም ይሆናል። የመውጫ ፈተናውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም፣ ያ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ከሆነች ያስመርምሯት። ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ግን መጋረጃውን ጋረድ ያድርጉላት፣ ልጆቹ በር ላይ አይጩሁባት። ቡናውም ከነቃች በኋላ ይፈላል። ያኔ «ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ይበሏትና የምትለውን ይስሟት።