የምትፈታ ዝንብና የሚደፈን የመንጠቆ ዓይን

ወንድሜ፣ እንደጻፍክልኝ ያሰርካት ዉሊ በገር (መንጠቆ ላይ ከላባና ከክር የምትታሰር ዓሣ ማጥመጃ ሰው ሠራሽ ዝንብ) አንድ ዓሣ እንደነከሳት ትፈታለች፤ የመንጠቆው ዓይንም በክር እየተደፈነ አላስገባ ይልሃል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ዴንቨር ውስጥ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው የተደፈነ ዓይን በመርፌ ስጎረጉር፣ ዓሣው በደንብ የሚበላበት የጠዋት ሰዓት አልፎብኛል።

ምርጫህ ግን ትክክል ነው። ይህችን ዝንብ በ1967 እ.ኤ.አ. የፈጠሯት ራስል ብሌሲንግ የተባሉ የፔንስልቬኒያ ሰው ናቸው። ውኃ ውስጥ ስትሳብ ትንሽ ዓሣም አልቅትም ትመስላለች፤ ስለዚህ የጀማሪ እጅ ትንሽ ቢያጣምማትም ታጠምዳለች።

ዓይኑ የሚደፈነው ለራሱ ቦታ ስለማትተው ነው። መንጠቆውን ሞርሳው ላይ ካጠበቅህ በኋላ፣ የዓይኑን ሁለት እጥፍ ያህል ቦታ ትተህ ክሩን ጀምር። የዝንቧን አካል የሚሠራው ፀጉራም ክር፣ ሸኒሉም፣ እዚያው ደርሶ ይቁም። ያቺ ክፍተት የላባው መያዣና የመጨረሻው ቋጠሮ ማረፊያ ናት፤ ሌላ ነገር አይግባባት።

ጭራው ማራቡ የሚባል ለስላሳ ላባ ነው። ስሙ የመጣው ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ ከምናውቀው ወፍ፣ ከአባ ኮዳ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው ግን የቱርክ ዶሮ ላባ ነው። ርዝመቱ ከመንጠቆው ዘንግ አይብለጥ፤ ከረዘመ ዓሣው ጫፉን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። ጣትህን አርጥበህ ብትይዘው አይበተንብህም።

አሁን ወደ መፈታቱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው አካሉ ላይ የሚጠመጠመውን የአውራ ዶሮ ላባ ከኋላ ወደ ፊት ጠምዝዞ ያስራል። የላባው አከርካሪ ቀጭን ስለሆነ የትራውት ዓሣ ጥርስ አንዴ ከቆረጠው ሁሉም ይተረተራል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ጭራውን ሳስር ቀጭን የመዳብ ሽቦ አብሬ አስራለሁ። ሸኒሉን ወደ ፊት ጠቅልዬ እቋጨዋለሁ። ከዚያ ላባውን ከፊት አስሬ፣ ሰርጓዳ ጎኑን ወደ ጭራው አዙሬ፣ በአምስት ወይም በስድስት ዙር ወደ ኋላ እወስደዋለሁ። ጫፉን በሽቦው እይዝና ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ላባውን እያቋረጥሁ ወደ ፊት አመጣዋለሁ። ሽቦው አከርካሪውን በየዙሩ ስለሚረግጠው አንዱ ቦታ ቢቆረጥ እንኳ ሌላው ይቆያል። ሽቦው ሲያልፍ የላባውን ፀጉር እንዳይጨፈልቀው ግራና ቀኝ እያወዛወዝህ ሂድ፤ እዚህ ላይ አትቸኩል።

ለመጨረሻው ቋጠሮ ልዩ መሣሪያ ከሌለህ የባዶ እስክሪብቶ ቱቦ ይበቃሃል። ክሩን ቱቦው ላይ አንድ ዙር አዙረህ ጫፉን የመንጠቆው ዓይን ላይ ግጠምና ቋጠሮውን ወደ መንጠቆው አንሸራትተህ ሳብ። አራት ጊዜ ደጋግመው፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ጨምር። ሳይደርቅ የላባ ፀጉር በዓይኑ ውስጥ አሳልፈህ አውጣ፤ ቀለሙን ያጸዳዋል።

ለበዓል ወደ ዲንሾ፣ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደምትሄድ ጽፈሃል። የዌብ ወንዝ ትራውት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ የመጣ ነው፤ እኔ እዚያ የቀናኝ በቁጥር 10 መንጠቆ ላይ ባሰርኳት ጥቁር ዝንብ ነበር። ስለ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱ አስቀድመህ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ከመሄድህ በፊት ደግሞ እያንዳንዷን ዝንብ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሳብ አድርገህ እያት፤ የላባው ፀጉር ወደ ዓይኑ ካዘነበለ ተገልብጦ ታስሯልና ፈትተህ እንደገና እሰረው።