አሜሪካዊው የሥራ ባልደረባዬ «ዱድ» (dude) ይለኛል፤ ትርጉሙ «የዝሆን ፀጉር» ነው የሚል አንብቤያለሁ። ስድብ ነው ወይ?

ስድብ አይደለም። አሜሪካዊው የሥራ ባልደረባህ «ዱድ» ያለህ እኛ «ጀለሴ» እንደምንለው ነው። ያነበብከው «የዝሆን ፀጉር» የሚለው ትርጉም የኢንተርኔት ቀልድ ነው፤ እርሳው።

ቃሉ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1883 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ያኔ በልብሱ የሚንጠባረር ዘናጭ ጎረምሳ ማሾፊያ ነበር። «ያንኪ ዱድል» ከሚለው ዘፈን ሳይወጣ አይቀርም። ኋላ የምዕራብ ከብት አርቢዎች ኮርቻ ላይ መቀመጥ የማያውቀውን ከተሜ «ዱድ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የካሊፎርኒያ ማዕበል ጋላቢዎች እርስ በርስ መጠራሪያ አደረጉት።

አሁን ድምፁን ስማ። «ዱዱዱድ» ብሎ ከጎተተው ተገርሟል፤ ቁርጥ ካደረገው «ኧረ ተው!» እያለህ ነው።

አለቃህን ግን እንዳትለው። እኔ አንዴ አምልጦኝ አለቃዬን «ኖ ፕሮብሌም፣ ዱድ» ብያት፣ መነጽሯን አውልቃ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።